ቧንቧ ገባ ማለት ውሃ ገባ ማለት አይደለም፦ ለአዲስ ሰፈር ውሃ የማስገባት ዝርዝር መመሪያ

ይህን የምጽፈው በቤት ሥራ ማህበር ተደራጅታችሁ መሬት ለተረከባችሁ ወይም በቅርቡ ለምትረከቡ ነው። እኔ ከከተማ ዳር ባለ የ120 ቤት ማህበር የውሃ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። ስንጀምር ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ "መስመሩ እስከ እኛ ይደርሳል?" መልሱ "አዎ" ሲሆን እልል አልን። ቧንቧው ተቀበረ፣ ቆጣሪ ተተከለ፣ ኮብልስቶኑ ተነጠፈ። ከዚያ በላይኛው ረድፍ ያሉ ቤቶች ጠብታ አላገኙም። አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው ያሉኝ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም፤ "ልጄ፣ ሌሊት ታች ቤት ታንከር ሲሞላ ድምፁን እሰማዋለሁ፣ ወደ እኛ ግን አይወጣም።"

ኮብልስቶኑን ነቅለን እንደገና ቆፈርን። ሁለት ጊዜ ከፈልን ማለት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ "በሳምንት ስንት ሰዓት ይመጣል፣ ከፍ ያለው ቤታችን ላይስ በምን ግፊት ይደርሳል?" የሚለው ነበር። ከታች ያለው ሁሉ ይህን ጥያቄ ከመገንባታችሁ በፊት እንዴት እንደምትመልሱት ነው።

ደረጃ 1፦ ፍላጎታችሁን በቁጥር አስቀምጡ

ወደ ማንም ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት በቀን ስንት ሜትር ኪዩብ እንደምትፈልጉ እወቁ። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው በሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ላይ የተቀመጠው መለኪያ እንዲህ ነበር፦ ከ1 ሚሊዮን ሕዝብ በላይ ላለው ከተማ በሰው በቀን 100 ሊትር፣ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን 80 ሊትር፣ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ 60፣ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ 50፣ ከ20 ሺህ በታች 40 ሊትር። ለገጠር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ 25 ሊትር ነበር።

የእኛን እንውሰድ። 120 ቤት፣ በየቤቱ 5 ሰው፣ 600 ሰው። በ100 ሊትር ስናባዛው በቀን 60 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። መስመር ላይ የሚባክን አለና 20 በመቶ ስንጨምር 72 ይሆናል። በበጋና በበዓል ሰሞን ፍጆታ ይጨምራል፤ በ1.2 ስናባዛው 86 ሜትር ኪዩብ ገደማ። ይህ ቀኑን ሙሉ በእኩል ቢፈስ በሰከንድ 1 ሊትር ነው።

ሰዎቻችሁን ስትቆጥሩ ዛሬ ያለውን ብቻ አትቁጠሩ። ቤት ሲያልቅ ሰርቪስ ይከራያል፣ ዘመድ ይመጣል፣ መንገድ ዳር ያለው ሱቅና ካፌ ይከፍታል። አራትና አምስት ዓመት ወደፊት እያያችሁ አስሉ።

ደረጃ 2፦ ፈረቃውን ጠይቁ፣ በጎረቤት ቧንቧም ለኩ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ብታጠፉ አይቆጫችሁም።

አዲስ አበባ ውሃዋን የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች አካባቢዎች ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። አቃቂ ከመሀል ከተማ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ስለዚህ የዚያ ውሃ በፓምፕ ሽቅብ ነው የሚገፋው፤ መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይቆማል። ከየትኛው ምንጭና ከየትኛው ማጠራቀሚያ እንደምታገኙ ጠይቁ። መልሱ ስለ ፈረቃችሁ ብዙ ይነግራችኋል።

ከዚያ ወደ ጎረቤት ሰፈር ሂዱ። መስመሩ ከሚቀጠልበት ቦታ አጠገብ ያሉ ሦስት አራት ቤቶችን አንኳኩ። በየትኛው ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓት ይጀምራል? ስንት ሰዓት ይቆያል? ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ቀረ? ወረቀት ላይ ያለው ፈረቃና ቤት ውስጥ ያለው ፈረቃ አንዳንዴ አይገናኙም። እኛ ጋ ማክሰኞና ቅዳሜ ነበር፣ በእያንዳንዱ ቀን 12 ሰዓት ያህል።

ቀጥሎ ግፊት። የግፊት መለኪያ ጌጅ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ከቆጣሪው ቀጥሎ ባለ የጓሮ ቧንቧ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ከጣሪያ ታንከር የሚወርድ ቧንቧ ላይ ካሰራችሁ የታንከሩን ከፍታ ነው የምትለኩት። የቤቱን ሌሎች ቧንቧዎች ዝጉና መርፌው የት እንደሚቆም ጻፉ። በፈረቃው ቀን ሁለት ጊዜ ለኩ፦ አንዴ ሰው ሁሉ በሚቀዳበት ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ አንዴ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ። እኔ ፋኖስ ይዤ ሌሊት ስለካ 3.5 ባር ነበር። በጠዋቱ 2 ባር። ይህ ልዩነት ነው የላይኛውን ረድፍ ቤቶች ዕድል የሚወስነው።

አንድ ባር ውሃን ወደ 10 ሜትር ከፍ ያደርጋል። ይህን ብቻ ብትይዙ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

ደረጃ 3፦ ከፍታችሁን እወቁ

ሰርቬየር ይዛችሁ መስመሩ ከሚቀጠልበት ነጥብ እስከ ከፍተኛው ቤት ያለውን የከፍታ ልዩነት አስለኩ። የስልክ ጂፒኤስ ላይ አትመኩ፤ በብዙ ሜትር ይሳሳታል፣ እዚህ ደግሞ እያንዳንዱ ሜትር ዋጋ አለው።

የእኛ ልዩነት 12 ሜትር ነበር። አሁን ሂሳቡን ተከተሉኝ። ሌሊት 3.5 ባር ማለት 35 ሜትር ነው። ለከፍታው 12 ሲቀነስ 23። ውሃው በቧንቧው ሲሄድ ለሚያጣው ግፊት 6 (ከየት እንደመጣ ደረጃ 4 ላይ ታያላችሁ) ሲቀነስ 17። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ጂ+1 ቤት ላይ ወደ 8 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሲቀነስ 9 ሜትር ይተርፋል። ጥሩ ነው፣ ይሞላል። ጠዋት ግን 20 ሜትር ብቻ ነው ያለን። 12፣ 6 እና 8 ሲደመር 26። በ6 ሜትር ያንሳል። ጠዋት ጣሪያ ላይ አይወጣም ማለት ነው። መሬት ላይ ላለ ታንከር ግን 2 ሜትር ይተርፈዋል፣ ቀስ ብሎም ቢሆን ይገባል።

ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ላሉ ቤቶች የምድር ታንከር ግዴታ ነው። ይህንን ቤቱ በዲዛይን ላይ እያለ ለአባሎቻችሁ ንገሩ። ግቢው በሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ማን ጉድጓድ ይቆፍራል?

ደረጃ 4፦ ቧንቧውን ለፈረቃው ልክ ምረጡ

እኛ የተሳሳትነው እዚህ ነው። አንድ ባለሙያ ዲዛይን ሠራልን። 1 ሊትር በሰከንድ ብሎ ተነሳና 63 ሚሊ ቧንቧ ይበቃል አለ። በወረቀት ላይ ልክ ነው። 800 ሜትር ርቀት ላይ 1 ሊትር በሰከንድ ቢፈስ የሚጠፋው ግፊት ከ3 እስከ 4 ሜትር ብቻ ነው። ግን ይህ የሚሠራው ውሃ 24 ሰዓት፣ ሰባቱንም ቀን ከመጣ ነው።

በፈረቃ ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ የምንጠቀመውን ውሃ በሁለቱ ቀናት 12፣ 12 ሰዓት፣ በድምሩ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው የምንቀበለው። የበጋና የበዓሉን ጭማሪ ሳንቆጥር 72 ሜትር ኪዩብ በ7 ቀን፣ 504። ያን በ24 ሰዓት ስናካፍለው በሰዓት 21 ሜትር ኪዩብ፣ ወደ 6 ሊትር በሰከንድ ይሆናል። ስድስት እጥፍ! ይህን ያህል ውሃ በ63 ሚሊ ቧንቧ ለማሳለፍ በ800 ሜትር ውስጥ ከ85 ሜትር በላይ ግፊት ይጠፋል። ማንም ሰፈር እንዲህ ያለ ግፊት የለውም። በ110 ሚሊ ቧንቧ ግን ያው ውሃ የሚያጠፋው ወደ 6 ሜትር ነው።

የዋጋው ልዩነት ሲታይ ያስደነግጣል፣ አውቃለሁ። ስብሰባ ላይ "ለምን ወፍራም?" የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ሂሳብ በሰሌዳ ላይ ሥሩላቸው። ደግሞ ቁፋሮው ለ63ም ለ110ም ያው ነው።

ቧንቧውን ስትረከቡ በእጃችሁ ዳብሳችሁ እዩት። ለመጠጥ ውሃ የሚሆነው ጥቁር ኤችዲፒኢ (የፕላስቲክ ቧንቧ) በርዝመቱ ሰማያዊ መስመር አለው። በላዩ ላይ የውጭ ስፋቱ፣ የግድግዳው ውፍረትና ፒኤን 10 ወይም ፒኤን 16 ተብሎ ታትሟል። ፒኤን 10 ማለት እስከ 10 ባር ይችላል ማለት ነው። ጽሑፉ የሌለውን አትቀበሉ፣ መልሱ። በጥፍራችሁ ሲፋቅ የሚለቅ ጽሑፍም ያው ነው።

ደረጃ 5፦ ማጠራቀሚያ፣ የቤትና የጋራ

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ 4 ቀን ነው። 5 ሰው፣ በቀን 100 ሊትር፣ 4 ቀን፣ 2,000 ሊትር። ስለዚህ የአንድ ቤት ታንከር ቢያንስ ባለ 2,000 ሊትር ይሁን። ፈረቃ አንዴ ከቀረ ይህም አይበቃም፤ አቅም ያለው 3,000 ያድርግ። 2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ይመዝናል። ጣሪያ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት መሐንዲሳችሁ ሶሌታው እንደሚሸከም በጽሑፍ ያረጋግጥ።

የጋራ ታንከር መሥራት ከቻላችሁ ደግሞ ከፍ ባለው የሰፈሩ ጫፍ ላይ አድርጉት። የአንድ ከፍተኛ ቀን ፍጆታ አንድ ሦስተኛ ያህል መያዝ የተለመደ ነው፤ ለእኛ 30 ሜትር ኪዩብ ገደማ። የእሱ ጥቅም ግፊትን ማስተካከል ነው፤ የላይኛውም የታችኛውም ቤት በእኩል ያገኛል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ፣ አባሎቻችሁንም ከልክሉ። ፓምፕ በቀጥታ ከዋናው መስመር ላይ ገጥሞ መሳብ። አንድ ቤት ሲስብ የጎረቤቱ ይደርቃል፤ ያ ብቻ ሳይሆን ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ሲያንስ በየስንጥቁ በኩል ከመሬት ውስጥ ያለ ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ይመጠጣል። ልጆች የሚታመሙት እንዲህ ነው። ትክክለኛው አሠራር ውሃው በራሱ ግፊት ምድር ታንከር ውስጥ ይገባል፣ ፓምፑ ከታንከሩ ወደ ጣሪያ ይገፋል። በመግቢያው ላይ ቼክ ቫልቭ ይኑር፣ የተጠራቀመው ውሃ ወደ መስመር እንዳይመለስ።

ደረጃ 6፦ ወረቀቱ

በአዲስ አበባ ጉዳያችሁ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ጋ ነው፣ በክልል ከተሞች የከተማው የውሃ አገልግሎት ጋ። መጀመሪያ ስትሄዱ የሚፈለገውን ዝርዝር በጽሑፍ ይዛችሁ ተመለሱ። በቃል የተነገረ ነገር ሰው ሲቀየር ይቀየራል። በአብዛኛው የምትይዙት የማህበሩን ደብዳቤ፣ ካርታ፣ ሳይት ፕላን፣ የአባላት ዝርዝርና የኔትወርክ ዲዛይኑን ነው።

ሦስት ነገር ግን በጽሑፍ እንዲመለስላችሁ ጠይቁ። መስመሩ ከየትኛው ነጥብና ከስንት ሚሊ ቧንቧ ላይ እንደሚቀጠል፣ በየትኛው ፈረቃ እንደምትገቡ፣ ሥራው ሲያልቅ መስመሩን ማን እንደሚረከብና ማን እንደሚጠግን። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። በኋላ ቧንቧ ሲፈነዳ ግን የመጀመሪያው ክርክር እሱ ነው።

ቆጣሪ በየቤቱ እንዲሆን ተሟገቱ። ታሪፉ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንድ ሜትር ኪዩብ ዋጋ ይጨምራል። 120 ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲገባ ሁሉም ተደምሮ ከፍተኛው እርከን ላይ ይወድቃል፣ አንዲት ጡረተኛ ለብቻቸው የሚጠቀሙት ጥቂት ውሃ በውድ ዋጋ ይቆጠርባቸዋል። ከዚያ በተጨማሪ መግቢያው ላይ አንድ ዋና ቆጣሪ ይኑራችሁ። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

መዋጮን በተመለከተ፦ ቤት የሠራም ያልሠራም እኩል ይክፈል። መስመሩ የሚቀበረው ለሁሉም ነው።

ደረጃ 7፦ መስመሩ የማይደርስ ከሆነ፣ ጉድጓድ

አንዳንድ ማህበር ሌላ አማራጭ የለውም። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አይጠየቅም፤ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 እንዲህ ይላል። በማሽን የሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። ያው አዋጅ ለመጠጥና ለቤት አገልግሎት የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ እንዳለው ስለሚደነግግ ማመልከቻችሁ ላይ ጥቀሱት።

ከቆፋሪው ጋር ስትዋዋሉ "ውሃ ወጣ" የሚለውን አትመኑ። ያለማቋረጥ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ቢቻል 72 ሰዓት ተስቦ የውሃው መጠን ስንት ሜትር እንደወረደና ሲቆም በምን ያህል ጊዜ እንደተመለሰ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ውል ውስጥ ይግባ። በመጀመሪያው ሰዓት ብዙ ሰጥቶ በሁለተኛው ቀን የሚደርቅ ጉድጓድ አለ።

ውሃውን አስመርምሩ። በተለይ በስምጥ ሸለቆ ያላችሁ፣ በአዳማ፣ በባቱ፣ በሐዋሳ አካባቢ፣ ፍሎራይዱን ሳታዩ ፓምፕ አትግዙ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ያለፈ ውሃ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ እየበዛ ሲሄድ አጥንትን ይጎዳል። ማፍላት አያስወግደውም። ክሎሪንም እንደዚያው።

ደረጃ 8፦ ቁፋሮና ቅበራ

ከመንገዱ በፊት። ከኮብልስቶኑ በፊት፣ ከአስፋልቱ በፊት። ለወደፊት መንገድ አቋርጠው ለሚያልፉ መስመሮችም ባዶ ሰፊ ቧንቧ ከአሁኑ ቅበሩ፣ በኋላ በውስጡ ታሳልፋላችሁ።

ከቧንቧው ጀርባ በላይ 80 ሳንቲም እስከ 1 ሜትር አፈር ይኑር። ከሥሩ 10 ሳንቲም አሸዋ ወይም የተነፋ አፈር ይነጠፍ። ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ቧንቧ መኪና በላዩ ባለፈ ቁጥር ይፋቃል። በየመታጠፊያው ኮንክሪት ድጋፍ ይደረግ። ዝቅ ባለው ቦታ የቧንቧው ቆሻሻ ታጥቦ የሚወጣበት ማጠቢያ፣ ከፍ ባለው ቦታ የአየር ቫልቭ ይኑር። በፈረቃ መስመር ላይ የአየር ቫልቭ እጅግ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ቧንቧው በሳምንት ሁለቴ በአየር ይሞላል፣ ያ አየር መውጫ ካጣ ውሃውን ይዘጋል፣ ቆጣሪውንም ያሽከረክራል።

ጌት ቫልቭ በየመገንጠያው አስገቡ። አንድ ቦታ ሲሰበር ሰፈሩን ሁሉ እንዳትዘጉ።

ከፍሳሽ መስመር በጎን 3 ሜትር ራቁ፤ የግድ ከተሻገረ ውሃው ከላይ፣ ፍሳሹ ከታች ይሁን። የሴፕቲክ ታንክ ቦታ ደግሞ ከውሃ መስመሩ ጋር አብሮ በአንድ ካርታ ላይ ይሳል፤ እያንዳንዱ ቤት በየፊናው ሲቆፍር ነው ችግሩ የሚመጣው።

አፈሩ ከመመለሱ በፊት ፎቶ አንሱ። ከአጥር ጥግ ስንት ሜትር እንደሚርቅ በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ዛሬ የሁላችሁም ትዝታ ላይ ያለ መስመር ከሦስት ዓመት በኋላ የማንም ትዝታ ላይ አይገኝም።

ደረጃ 9፦ ፍተሻና ማጽዳት

መስመሩ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ላይ ይፈተን። መጋጠሚያዎቹ ክፍት እያሉ፣ አፈር ሳይለብሱ። ጌጁ ሲወርድ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጃችሁ ዳብሱ።

ከዚያ ማጽዳት። 800 ሜትር የ110 ሚሊ ቧንቧ ወደ 6 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል። በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲኖረው፣ 65 በመቶ የሆነ የክሎሪን ዱቄት ከሆነ 450 ግራም ገደማ ይበቃል። ጓንት አድርጉ፣ በባልዲ ውሃ ቀድማችሁ በጥብጡት፣ ክፍት ቦታ ላይ። 24 ሰዓት ውስጡ ይቆይ። በዚያ ጊዜ ማንም እንዳይቀዳ በየበሩ ንገሩ፣ በሮቹን አንድ በአንድ አንኳኩ፣ የቴሌግራም መልዕክት ብቻውን አይበቃም። ከዚያ የክሎሪን ሽታው እስኪጠፋ እጠቡት፤ ያን ውሃ ወደ ወንዝ አትልቀቁት።

መጨረሻ ላይ ናሙና ወደ ላብራቶሪ። 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ.ኮላይ ዜሮ መሆን አለበት። በዘወትር አገልግሎት ላይ ደግሞ በቧንቧ የሚመጣው ውሃ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን ይኑረው፤ የቤት ታንከራችሁን በየስድስት ወሩ እጠቡ።

የመጀመሪያው ፈረቃ ቀን

ኮሚቴው በሦስት ቦታ ይቁም፤ መግቢያው ላይ፣ መሀል ላይ፣ ከፍተኛው ቤት ላይ። 20 ሊትር ጀሪካንና የስልክ ሰዓት ይዛችሁ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ለኩ። በ40 ሰከንድ ከሞላ ያ ቤት 2,000 ሊትር ታንከሩን በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይሞላል። 3 ደቂቃ ከፈጀ 5 ሰዓት ይፈልጋል፣ ያም በ12 ሰዓት ፈረቃ ውስጥ ይበቃል። ከ7 ደቂቃ በላይ ከሆነ ግን ፈረቃው ሳይሞላለት ያልፋል፣ መገንጠያ ላይ ያለ ቫልቭ በግማሽ ተዘግቶ እንደሆነ ፈልጉ።

ከዚያ ታንከሮች ሁሉ ከሞሉ በኋላ፣ ፈረቃው ሳያልቅ፣ ሌሊት ላይ አንድ ነገር አድርጉ። እያንዳንዱ ቤት ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ቫልቭ ይዝጋ። ከእናንተ አንዱ ፋኖስ ይዞ ዋናው ቆጣሪ ላይ ይቀመጥ። በቆጣሪው ፊት ላይ ያለችውን፣ ውሃ ሲያልፍ የምትዞረውን ትንሿን ቀይ ኮከብ ይያት። ከቆመች መስመራችሁ ደህና ነው። ቀስ ብላም ብትሆን የምትዞር ከሆነ የሚያፈስ ቦታ አለና በመገንጠያዎቹ ላይ ያሉትን ቫልቮች ከመግቢያው በጣም ከሚርቀው ጀምራችሁ አንድ በአንድ ዝጉ፤ ኮከቧ የትኛው ቫልቭ ሲዘጋ እንደቆመች እዩና ከእሱ ወዲያ ያለውን መንገድ ጠዋት ቆፍሩ።